«አሮጌውን ጣሉት» ላለው ወዳጄ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ጽሑፍ አወጣ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ካምፓስ አብረን ተምረናል። አሁንም ባሕር ዳር ቁጭ ብለን አንድ የኦፕን ሶርስ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክት አብረን እንይዛለን። ጽሑፉም ስለዚሁ ፕሮጀክት ነው። ልፋቱን አውቃለሁ፤ የጻፈው ከልቡ ነው። ሐሳቡ ግን ተጠቃሚዎቻችንን ይጎዳል ብዬ ስለማምን ነጥብ በነጥብ ልመልስ።

መጀመሪያ ነገሩን ለማታውቁ። ፕሮጀክታችን የእኛን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ እኛ የሚቀይር ትንሽ ላይብረሪ ነው። ሌሎች ፕሮግራመሮች በራሳቸው ሲስተም ውስጥ ያስገቡታል። ሁለት ብራንች፣ ማለትም ጎን ለጎን የሚያዙ የኮዱ ቅጂዎች፣ አሉን። በዋናው ብራንች 3ኛው ቨርዥን ይሠራል፤ አዲስ ነገር ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ሌላው የሪሊዝ ብራንች ነው። 2ኛውን ቨርዥን ለሚጠቀሙ ሰዎች የባግ (የኮድ ስሕተት) ጥገና ብቻ ይገባበታል። ሁለቱን የለያያቸው ብሬኪንግ ቼንጅ ነው፤ ማለትም ትናንት በደንብ ይሠራ የነበረን የሰው ኮድ ዛሬ የሚያሰናክል ለውጥ።

ወዳጄ የሚለው እንዲህ ነው። የ2ኛው ብራንች ዛሬውኑ ይዘጋ። የቨርዥኑ ቁጥር መለወጡ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። በጽሑፍ ቃል ያልገባንበትን ነገር ብንለውጥ ማንም ሊጠይቀን አይችልም። ትንሽ ፕሮጀክት አንድ ብራንች ይበቃዋል፤ ጥገና የፈለገ ወደ አዲሱ ይምጣ። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አሮጌውን ቨርዥን ሲያስታምም ዓመታት አባክኗል። በዚያ ላይ ሥራችን በነፃ ነው፤ ለማንም ዕዳ የለብንም። ጽሑፉን የዘጋው በጣና ታንኳ ነው። ታንኳ ሠሪ ደንገሉ ውኃ ሲጠጣ አዲስ ይሠራል እንጂ አሮጌውን ሲጠጋግን አይኖርም ይላል።

ከቁጥሩ ልጀምር።

ቁጥር መልእክት ያስተላልፋል፤ በዚህ እንስማማለን። ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የሚባል ስምምነት አለ። የጻፈው ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን ከሚያስቀምጡበት ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ ቶም ፕሪስተን ወርነር ነው። ሦስት ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ከጨመረ የቆየ ኮድ ሊሰናከል ይችላል ማለት ነው። መካከለኛው ከጨመረ አዲስ ነገር ገብቷል፣ የቆየው ግን አልተነካም። የመጨረሻው ከጨመረ ባግ ታርሟል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ እኛም እንከተለዋለን። ግን ቁጥር የሚናገረው ለሚያየው ሰው ነው። የእኛን 3.0 ማን አየው?

ሽምብጥ አካባቢ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን የክፍያ ቀን በእኛ ላይብረሪ ያሰላል። ሲስተሙን የሠራላቸው ልጅ ሥራውን አስረክቦ አዲስ አበባ ገብቷል። ሲጽፈው የላይብረሪውን ቨርዥን አልቆለፈም፤ የመጨረሻውን አምጣ ብሎ ነው የተወው። እኛ ደግሞ በ2ኛው ቨርዥን ወራትን የምንቆጥረው ከ0 ነበር። መስከረም 0፣ ጥቅምት 1 እያለ ሄዶ ጳጉሜን 12 ይሆናል። ጃቫስክሪፕት ወርን ከ0 ስለሚጀምር ያንኑ ተከትለን ነው። በ3ኛው ከ1 እንዲጀምር አደረግነው። ለውጡ ትክክል ነበር፤ መስከረምን 0 ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። ልጁ ግን በራሱ ኮድ ውስጥ ለማሳያ 1 ይደምር ነበር። ሰርቨሩ እንደገና ሲጫን አዲሱ ቨርዥን ገባ። መስከረም ጥቅምት፣ ጥቅምት ኅዳር ሆኖ መታየት ጀመረ። አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም። ስክሪኑ እንደ ድሮው ነው፣ ቀኑ እንደ ድሮው ነው፣ ወሩ ብቻ ሌላ ነው።

ስሕተቱን ያገኙት የማኅበሩ ሒሳብ ያዥ ናቸው። በእጃቸው የሚይዙት ደብተር ነበራቸው። የአንዲት አባል ክፍያ በደብተሩ ጥቅምት 15፣ በስክሪኑ ኅዳር 15 ሆኖ ሲያዩ ልጁ ጋ ደወሉ፤ ልጁ እኔ ጋ ደወለ። እኚህ እናት ደብተሩን ባይዙ ኖሮ አባላቱ ሳያውቁት ወር ሙሉ ዘግይተው ቅጣት ይቆጠርባቸው ነበር። ለእሳቸው 2 ወደ 3 መለወጡ ማስጠንቀቂያ ነበር ልላቸው አልችልም።

3.0ን ለእንቁጣጣሽ እናድርስ ብለን ነው የለቀቅነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ደረሰብን። ማድረግ የነበረብን ግልጽ ነው። የፋንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ትርጉም ከተለወጠ ስሙም መለወጥ አለበት። የድሮውን ፋንክሽን እንዳለ ትተን፣ ከ1 የሚቆጥረውን በሌላ ስም በ2ኛው ቨርዥን ውስጥ መጨመር ነበረብን። የድሮው በተጠራ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። 3.0 ላይ የድሮውን ስናወጣው ደግሞ የልጁ ሲስተም እንዲህ የሚባል ፋንክሽን የለም ብሎ ቀጥ ይል ነበር። ቀጥ ያለ ሲስተም በዚያው ቀን ይታወቃል። ጤነኛ መስሎ የተሳሳተ ቀን የሚያሳይ ሲስተም ግን ደብተር የያዘ ሰው ካላገኘው ዓመት ይቆያል።

ወዳጄ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ የለም ይላል። ብዙ ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ እንደሚል አልክድም። የድረ ገጽ መሥሪያውን ጃንጎን ግን እዩ። አንድን ነገር ከማውጣታቸው በፊት ማስጠንቀቂያ ያስገባሉ። ነገሩ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ሪሊዞች ላይ እየሠራ ይቆያል፤ ሪሊዛቸው በየ8 ወሩ ገደማ ነው። ከሁሉም ደግሞ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያላቸው ቨርዥኖች 3 ዓመት ያህል የደኅንነት ጥገና ያገኛሉ። ከአንድ ቡድን ማስጠንቀቂያውን አንድ ሰው ካነበበው ይበቃል። ያ ሰው እንዲያነበው ግን መጻፍ አለበት፤ ጊዜም ሊሰጠው ይገባል።

በነገራችን ላይ ወዳጄ ፕሮጀክቱን 0.9 ላይ አቁመነው ቢሆን ኖሮ እንደ ልባችን እንለውጥ ነበር ብሏል። ያ የቁጥር ስምምነት ከ1.0 በታች ሁሉም ነገር ሊለወጥ ይችላል ማለቱ ልክ ነው። እዚያው ላይ ግን ሶፍትዌርህ ሰው ሥራ ላይ ከዋለ 1.0 መሆን ነበረበት ይላል። ማኅበሩ ገንዘብ እየሰበሰበበት 0.9 ነው ብንል ማንን እናታልላለን?

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ በጽሑፍ ቃል ያልገባንበት ነገር አይመለከተንም ወደሚለው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የአማርኛ ሶፍትዌር የሚጽፍ ሰው ሁሉ የሚገጥመው ነው።

አንድ ጊዜ የወራትን ስም ፊደል አረምን። «ህዳር» ይል የነበረውን «ኅዳር»፣ «ጳጉሜ» ይል የነበረውን «ጳጉሜን» አደረግነው። የፊደል እርማት ነው፣ ዕዳው ገብስ ነው አልን። የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ ጨምረን ለቀቅነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለአንድ የግል ክሊኒክ ሲስተም የሚሠራ ልጅ ጻፈልን። የኅዳር ቀጠሮዎች ግማሹ ጠፍተውበታል። ፈልገን ደረስንበት። ዳታቤዙ ውስጥ የቆዩት ቀጠሮዎች «ህዳር» ተብለው ተመዝግበዋል። አዲሶቹ «ኅዳር» ተብለው ይገባሉ። ለእኔና ለእናንተ አንድ ወር ነው። ለኮምፒውተር ግን ህ እና ኅ እንደ ለ እና መ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አንዱን ስትፈልግ ሌላውን አያመጣም።

ወዳጄ ያኔም ዛሬም የሚለው አንድ ነው። የወር ስም በዚህ ፊደል ይጻፋል ብለን የትም አልጻፍንም፤ ልጁ በቁጥር መመዝገብ ነበረበት ይላል። በቁጥር ቢመዘግብ ይሻል እንደነበር እኔም እስማማለሁ። ሰው ግን መመሪያ አንብቦ ሳይሆን የሚያየውን አይቶ ነው የሚሠራው። ጎግል ውስጥ የሠራ ሃይረም ራይት የተባለ መሐንዲስ በስሙ የሚጠራ ሕግ አለው። ተጠቃሚ ከበዛ፣ ሲስተምህ የሚያሳየው ባሕርይ ሁሉ የሚመካበት ሰው አያጣም፤ በጽሑፍ ቃል ብትገባበትም ባትገባበትም።

የዓለም ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የሚመዘገቡበትን ስምምነት፣ ዩኒኮድን ደግሞ አስቡት። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ቨርዥን ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ አሠራር ነበረው። ያን ጊዜ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናል። ዛሬ የምንጽፈው ግን ከ30 ዓመት በኋላም ይነበባል። ዩኒኮድ አንድ ጊዜ ቦታ የተሰጠው ፊደል አይነሣም፣ አይሰረዝም፣ ስሙም አይለወጥም ብሎ ቃል ገብቷልና። ይህን ቃል የገቡት ተጎድተው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በ2.0 ቨርዥን የኮሪያን ፊደላት ከነበሩበት ቦታ አንሥተው ሌላ ቦታ አሰፈሩ። ከዚያ ወዲህ አልደገሙትም።

በጣም የምወደው ምሳሌ ደግሞ ይህ ነው። የአንድ ቅንፍ ምልክት እንግሊዝኛ ስም ሲመዘገብ ሁለት ፊደላት ተገለባብጠው ገቡ። ግልጽ የፊደል ግድፈት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ግን አላረሙትም። የተሳሳተው ስም እስከ ዛሬ አለ፤ ትክክለኛው በጎኑ እንደ ተለዋጭ ስም ተጨመረ። በዚያ በተሳሳተ ስም የሚጠራው ኮድ የሆነ ቦታ ሊኖር ይችላልና። እኛም በመጨረሻ ያደረግነው ይህንኑ ነው። በ2ኛው ብራንች «ህዳር» ተመለሰ። «ኅዳር» የሚፈልግ በአንድ መምረጫ እንዲያገኘው አደረግን። በ3ኛው ደግሞ «ኅዳር» ዋናው ሆነ፤ ይህም በለውጥ መዝገቡ አናት ላይ፣ በአማርኛ ተጽፏል። የክሊኒኩ ልጅ የቆየ ዳታውን ለመቀየር ጊዜ አገኘ።

አሁን ዋናው ክርክር፤ ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ይምጣ የሚለው። ወዳጄ ሆይ፣ 2015ን አስታውስ።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ለወራት ቆየ። ያ ዓመት ደግሞ ጳጉሜን 6 የምትሆንበት ነበር። በፈረንጁ አቆጣጠር፣ ከአንዳንድ የመቶ ዓመት መዝጊያዎች በቀር፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ፌብሩዋሪ 29 ይሆናል። በእኛ ግን ጳጉሜን 6 የምትሆነው ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። 2015 እንደዚያ ነው። ፕሮጀክቱን ስንጀምር የ2011ዋ ጳጉሜን 6 አልፋ ነበር። ስለዚህ ኮዳችን ያቺን ቀን በተግባር አይቷት አያውቅም። ሒሳቡን የጻፍነው ደግሞ በፈረንጁ ሕግ ነበር። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ብለህ ስታስገባ የሌለ ቀን ነው ብሎ ይመልስሃል።

ባጉን ያገኘው ራሱ ወዳጄ ነው፤ ነሐሴ ላይ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) ሲጽፍ። ያኔ ዋናው 2ኛው ቨርዥን ነበር፤ የሪሊዝ ብራንቹ 1ኛው ነበር። ጥገናውን መጀመሪያ ዋናው ብራንች ላይ አስገባ። ከዚያ ያቺን አንዲት ኮሚት (የተመዘገበች ለውጥ) በቼሪ ፒክ፣ ማለትም ብቻዋን ነጥሎ፣ ወደ 1ኛው ብራንች አመጣት። ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ፈልገን አወረድናት። በፍላሽ ይዘን 1ኛውን ቨርዥን የሚጠቀሙ ሦስት ቦታዎች በእግር ዞርን። አንድ ፋይል ቀየርን፣ ቴስት አደረግን፣ ወጣን። በአንዱ ቦታ ከ10 ደቂቃ በላይ አልፈጀብንም። ያን ቀን ያለው መንገድ ወደ 2ኛው ቨርዥን መሻገር ብቻ ቢሆን ኖሮስ? ሌሎች ላይብረሪዎችንም ማውረድ ነበረብን። የየቦታውን ኮድ ማስተካከል ነበረብን። የሠራው ሰው በአካባቢው ባይኖር፣ ስልክ ባይነሣ፣ ምን ልናደርግ ነበር? ጳጉሜን 6 ደግሞ አትጠብቅም።

የሪሊዝ ብራንች ጥቅሙ ለእኔ ይህ ነው። ሰውዬው ዛሬ የሚያስፈልገውን ጥገና፣ ከማያስፈልገው ለውጥ ለይተህ ትሰጠዋለህ። አዲሱን ሲመቸው ይወስደዋል።

ሥራውም ሲነገር እንደሚከብደው አይደለም፤ ሥርዓት ከያዘ። ሊኑክስ የተባለውን የኦፕሬቲንግ ሲስተም ኮድ የተረጋጉ ቨርዥኖች ለዓመታት የያዘው ግሬግ ክሮ ሃርትማን ነው። እዚያ ጥብቅ ደንብ አለ። ጥገና ወደ ቆየው ቨርዥን የሚገባው መጀመሪያ በሊኑክስ ፈጣሪ በሊነስ ቶርቫልድስ ዋና ኮድ ውስጥ ከገባ ብቻ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጥገናውን አሮጌው ላይ ብቻ አስገብተህ ዋናውን ከረሳኸው ባጉ በሚቀጥለው ሪሊዝ ተመልሶ ይመጣል። አንድ ጊዜ ተስተካክሏል ብሎ የሚያስብ ተጠቃሚ ደግሞ ሁለተኛ አያምንህም። አዲስ ነገርም ወደ ቆየው አይገባም፤ የቱንም ያህል ቢያምር። እኛ ይህን ደንብ የጣስነው አንዴ ነው። አንዲት ትንሽ ቆንጆ ፋንክሽን የ2ኛው ብራንች ውስጥ አስገባን። እሷን ከሁለቱም ብራንች ጋር ስናስታርቅ የቆየንበት ሌሊት ዛሬም እጅ እጅ ይለኛል።

ስለ ፓይተን ያለውን ባጭሩ ልመልስ፤ ታሪኩን ከጫፉ ብቻ ነው የያዘው። ፓይተን 3.0 የወጣው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ነው። የ2ኛው ድጋፍ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ያበቃል ተብሎ ነበር፤ ወደ 2020 ተራዘመ። ረጅም ነው፣ አልክድም። ያስረዘመው ግን አሮጌውን ማስታመማቸው አይመስለኝም። መጀመሪያ ላይ አንድን ኮድ በሁለቱም ላይ ማስኬድ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። በመሣሪያ ቀይረው ይሻገሩ ነው የተባለው። ላይብረሪ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሁለቱንም ዓይነት ተጠቃሚ ይዞ መሻገር አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው 3.3 በ2ኛው የነበረችውን፣ በ3ኛው ግን ተነሥታ የነበረችውን የጽሑፍ ምልክት፣ ከጥቅሱ ፊት የምትገባዋን አንዲት ፊደል፣ መለሳት። አንድ ፊደል ናት። ግን በብዙ ኮድ ውስጥ ስለነበረች መሻገሩን አቀለለችው። ክፍተቱ ሲጠብ ሰው ተሻገረ። የእኛም 3.0 ከ2ኛው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድበት መንገድ ቢኖረው የ2ኛውን ብራንች ቶሎ እንዘጋው ነበር። መፍጠን ከፈለግን የምንሠራው ሥራ እሱ ነው።

በነፃ ነው የምንሠራው ላለው፦ አዎ። ፈቃዳችን ኤምአይቲ ነው። ሶፍትዌሩ እንዳለ ይሰጣል፣ ዋስትና የለውም ይላል። በሕግ ማንም አይጠይቀንም። ግን ባክፖርቱን፣ ማለትም ጥገናን ወደ ቆየው ቨርዥን ማምጣቱን፣ እኛ ካልሠራነው ሥራው አይጠፋም። ክሊኒኩ ጋ ይሄዳል። ማኅበሩ ጋ ይሄዳል። እኛ ኮዱን እያወቅን አንዴ በ20 ደቂቃ የምንጨርሰውን፣ እነሱ ኮዱን ሳያውቁ እያንዳንዳቸው ሁለት ቀን ይፈጁበታል። ወይም አይሠሩትም፤ የተሳሳተ ቀን ይዘው ይቀጥላሉ።

እዚህ ላይ ግን ስለ ወዳጄ አንድ ነገር በግልጽ መናገር አለብኝ። አንድ ወቅት አራት ብራንች ነበረን። ሦስቱን አሮጌዎች የሚጠግነው በአብዛኛው እሱ ነበር፤ ቀን ሥራውን ውሎ ሌሊት። ደክሞት እንደነበር አይተን ዝም አልን። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ምሬት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ በዚያ ደግሞ ትክክል ነው። ብራንች በበዛ ቁጥር ሰው ይሰበራል። መልሱ ግን ወደ አንድ መውረድ አይደለም። ሁለት ይበቃል፣ የቆየው የሚዘጋበት ቀን ከመጀመሪያው ይታወቃል፣ ጥገናውን ደግሞ በየተራ እንሠራለን። ይህን ቀደም ብለን መወሰን ነበረብን።

ታንኳውም ቀረን። ምሳሌው ያምራል፤ ደንገል ውኃ እንደሚጠጣና ታንኳም ቶሎ ቶሎ እንደሚሠራ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ግን ታንኳ ባለቤቱ ይታወቃል። አሮጌውን የሚጥለውም አዲሱን የሚሠራውም ያው እሱ ነው፤ ቀኑን የሚመርጠውም እሱ ነው። በላይብረሪ የሚሻገረውን ሰው ግን እኛ አናውቀውም። ለእኔ የሚመስለው የዓባይ ድልድይ ነው። አዲሱ፣ 380 ሜትሩ፣ ግንቦት 2016 ተመረቀ። እስኪያልቅ ድረስ በነበሩት ዓመታት ሁሉ ሰውም ባጃጁም በአሮጌው ሲሻገር ነበር። እኔና ወዳጄም በየቀኑ።

ስለዚህ የ2ኛውን ብራንች ለመዝጋት የከፈተውን ፑል ሪኩዌስት (የለውጥ ጥያቄ) ሜርጅ አላደርግም፤ ኮዱ ውስጥ አላስገባውም። በምትኩ አንድ መስመር ጨምሬበታለሁ። የ2ኛው ቨርዥን ድጋፍ የሚያበቃው ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ነው። 2019ም ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ያቺን ቀን በ2ኛው ላይ ያሉ ሁሉ በሰላም እንዲያልፉ እፈልጋለሁ። ለቀኑ ቴስቱን ጽፌአለሁ። ከአሁን እስከዚያ ያለውን ባክፖርት እኔ እይዘዋለሁ። ወዳጄ ኮዴን ቢያይልኝ ደስ ይለኛል፤ የ2015ቱን ባግ ያገኘው ዓይን የእሱ ነው።